«ፓን ቢ» ግራጫ ዳቦ ነው እንዴ?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል። «ላ ሚሽ ደ ፓን ቢ ኤቴ ፖዜ ሲር ላ ቷል ቢዝ» ይላል። ድቡልቡሉ ዳቦ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል፤ እስከዚህ ግልጽ ነው። የቸገሩኝ «ቢ» እና «ቢዝ» ናቸው። መዝገበ ቃላቱ «ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ፤ ጠቆር፣ ደብዘዝ ያለ» ይለዋል። «ግራጫው ዳቦ ግራጫው ጨርቅ ላይ» ብዬ ስጽፈው ግን ዳቦው የሻገተ፣ ጨርቁም ያደፈ መሰለ። በዋናው ጽሑፍ ዳቦው ትኩስ፣ ጨርቁም ንጹሕ ነው። ሁለቱን የሚሸከም አንድ የአማርኛ ቃል አለን?

ሥረ_ቃል፦
እኅቴ፣ ከሥሩ ብንነሳ መልሱ እጃችን ላይ ነው። ፈረንሳዮቹ ቃሉን ሲጽፉት መጨረሻው ላይ «ስ» አለ፤ «ቢስ» ማለት ነው። ዋጋ ቢስ፣ ዕድለ ቢስ፣ መልከ ቢስ እንላለን። ጠቆር ያለው ዳቦ ደግሞ በአገራቸው የድኃ ዳቦ ነበር። ቀለሙ የጎደለው፣ ንጣት ያጣ ዳቦ፤ ነጭነተ ቢስ! ሁለቱ ቃላት አንድ ምንጭ ቢኖራቸው አይገርመኝም።

ዘቅኔ_ቤት፦
ልጄ፣ «ቢስ» የራሱ አባት አለው። ግእዙ «ብእሰ» ነው፤ ከፋ፣ ጠና ማለት ነው። «ባሰ»፣ «የባሰ»፣ «ብሶት» የምንለው ሁሉ ከዚያው ይወለዳል። በመካከል የነበረችው «እ» ስትዋጥ «ባሰ» ሆነ፤ «ቢስ»ም በዚያው መንገድ መጣ። ሥር ለመቆፈር መጀመሪያ የወደቀውን ፊደል መፈለግ ያሻል። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይሆንም።

ለገሃር፦
የኔታ ያሉት ላይ የፈረንሳይኛውን ወገን ልጨምር። ቅጽሉ በወንድ ጾታ «ቢ» ተብሎ ይነበባል፤ የመጨረሻው ፊደል አይሰማም። በሴት ጾታ «ቢዝ» ነው፤ የሚሰማው «ዝ» እንጂ «ስ» አይደለም። በብዙ ቁጥር ወንዱ አይለወጥም፣ ሴቷ በጽሑፍ አንድ ፊደል ትጨምራለች። «ስ» የሚሰማበት ሌላ ቃል አለ፤ «ቢስ»፣ ድገም ማለት ነው። የቤት ቁጥር ላይ «12 ቢስ» ሲባል፣ ወይም ታዳሚ ዘፋኝን ሲያስደግም የሚሰማው ይህ ነው፤ ምንጩ ላቲን ነው። «ላ ቢዝ» ተብሎ ብቻውን ከመጣ ደግሞ ወይ ከሰሜን የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው ወይ የጉንጭ መሳም። ከስም ኋላ ሲመጣ ብቻ ነው ቀለም የሚሆነው፤ ፓን ቢ (ዳቦ)፣ ቷል ቢዝ (ጨርቅ)፣ ታን ቢ (የፊት ቀለም)።

የቀለሙ ቃል ምንጭ በሊቃውንቱ ዘንድ እስካሁን አልተቆረጠም። ጣልያንኛው «ቢጆ» ወንድሙ ነው። ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ «ሮሽ ቢዝ»፣ ጠቆር ያሉ ዐለቶች፣ የሚለው የሮላን መዝሙር በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የጀግንነት ግጥም ውስጥ አለ። በመካከለኛው ዘመን «አዙር ቢ» ሲባል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ከመነሻው «ጠቆር ያለ» እንጂ «ቡናማ» ብቻ አልነበረም። ዛሬ ከጥቂት ስሞች ጋር ብቻ ተጣብቆ ቀርቷል። መኪና ወይም ግድግዳ «ቢ» አይባልም።

ሥረ_ቃል፦
የ«ስ»ን ጉዳይ ተቀብያለሁ። ግን ፊደሉ ዛሬ ባይሰማ ድሮ ይሰማ የለም ወይ?

ለገሃር፦
ይሰማ ነበር። ይሁንና ሴቷ ላይ «ዝ» ሆኖ መቅረቱና ጣልያንኛው «ጅ» ማምጣቱ፣ ከበስተኋላ ያለው ድምፅ ከግእዙ «ስ» ጋር እንደማይገጥም ያሳያል። ትርጉሙም አይገጥምም፤ «ቢስ» መጥፎነትን ወይም ማጣትን ይናገራል፣ «ቢ» ስድብ የለበትም። ፈረንሳይኛ ቀለምን ማናናቅ ሲፈልግ ከኋላ «-አትር» ይቀጥላል፤ «ኗራትር» (ጥቁርማ)፣ «ቬርዳትር» (አረንጓዴማ)። ይህ «-አትር» ክፉ እንጀራ እናትን «ማራትር» የሚያሰኘው ነው። «ቢ» ግን ያለ ቅጥያ ይቆማል።

ፉርኖ_ቤት፦
የቀለሙ ነገር ከዱቄቱ ይጀምር። በፈረንሳይ ዱቄት የሚለየው በ«ቴ» ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚነግረን የአመድ መጠን ነው። ዱቄቱን 900 ዲግሪ ያህል በሚግል ምድጃ አቃጥለው የተረፈውን ማዕድን ይመዝናሉ። ቴ45 ከ0.50 በመቶ በታች ነው፤ ቴ55 ከ0.50 እስከ 0.60፤ ቴ65 ከ0.62 እስከ 0.75፤ ቴ80 ከ0.75 እስከ 0.90፤ ቴ110 ከ1.00 እስከ 1.20፤ ቴ150 ከ1.40 በላይ። «ፋሪን ቢዝ» ተብሎ የሚሸጠው ቴ80 ነው። ማዕድኑ በብዛት ያለው በፉርሽካው ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይጠቁራል። እኛ ፉርኖ ዱቄት የምንለው ከታችኞቹ ቁጥሮች ይመደባል።

ቀለሙን በዓይን ለማየት የሚፈልግ 700 ግራም ፉርኖ ዱቄት ከ300 ግራም ፉርሽካው ካልወጣለት የስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቅል። አመዱ ወደ 0.83 በመቶ ይጠጋል፤ ያም በቴ80 ክልል ውስጥ ነው። ውሃው ከነጩ ይበልጣል። ለነጩ በኪሎ 600 ግራም ቢበቃ ለዚህኛው ከ650 እስከ 680 ያስፈልጋል። ፉርሽካው ውሃውን ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ሊጡ መጀመሪያ የቀጠነ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ዱቄት የጨመረ ሰው ደረቅ ዳቦ ይበላል። 30 ደቂቃ አሳርፎ ማየት ነው። ኩፍ ማለቱም ያንሳል፤ የፉርሽካው ስል ጠርዝ የሊጡን ድር ይበጥሰዋል።

ሲጋገር ውስጡ ግራጫ አይሆንም። ውስጡ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ጥቃቅን ጠቃጠቆም አለበት። ስለዚህ «ግራጫ ዳቦ» ለአማርኛ አንባቢ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

ተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ «የሠርገኛ» ብለውስ? ሠርገኛ ጤፍ ያለበትን እንጀራ ቀለም ሁሉም ያውቀዋል።

ፉርኖ_ቤት፦
ዓይን ላይ ቅርብ ነው፣ አሠራሩ ግን ይለያል። ሠርገኛ የነጭና የቀይ ጤፍ ቅልቅል ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ከሁለት ዓይነት እህል ነው። «ፓን ቢ» ከአንድ ስንዴ ይመጣል፤ የሚለየው ወንፊቱ ነው። በድሮው ፓሪስ ነጭ፣ «ቢ-ብላን» እና «ቢ» የሚባሉ ሦስት የዳቦ ደረጃዎች ነበሩ። ደረጃውን የሚወስነው ስንት ጊዜ ተነፍቶ ስንት ፉርሽካ ወጣለት የሚለው ነበር። ነጩ የባለጸጋ፣ «ቢ»ው የድኃ ነበር። ዛሬ ዋጋው ተገልብጧል። የድሮ ታሪክ የምትተረጉሚ ከሆነ ይህን የደረጃ ስሜት አትጣይው።

ዘቅኔ_ቤት፦
ቃል ፍለጋ ይህን ያህል ሩቅ መሄድ የለብንም። «ወየበ» የሚል ግስ አለን፤ «ወይባ» የሚል ስም አለን። መነኮሳት የሚለብሱት ወይባ ከነጭ ወጥቶ ጥቁር ያልደረሰ፣ ክብር ያለው ቀለም ነው። «የወየበ ጨርቅ»፣ «የወየበ ዳቦ» ቢባል የቀለም ቃል ሆኖ ሁለቱንም ይሸከማል።

ሸማ_ሠሪ፦
እንደምን አደሩ የኔታ፤ በአክብሮት ልቃወም። ወይባ ልብሱ ታስቦበት የተነከረ ነው፤ ቀለሙም ወደ ብጫ ያደላል። ግሱ ደግሞ ሌላ ነው። «ነጠላዬ ወየበ» ስንል ነጭ ነበር፣ ንጣቱ ጠፋ ማለታችን ነው። «አደፈ» እና «ደበዘዘ»ም እንዲሁ የነበረን ነገር ማጣትን ይናገራሉ። «ቷል ቢዝ» ግን ምንም አላጣም፤ ከመጀመሪያውም አልነጣም። የተርጓሚዋ ጨርቅ ያደፈ የመሰለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ጨርቁ ራሱ፦ «ቷል ቢዝ» በብዛት ከተልባ እግር ወይም ሄምፕ ከሚባለው የጭረት ተክል የተሠራ ነው። የተልባው አገዳ ጭረቱ እንዲለቅ መበስበስ አለበት። ሜዳ ላይ ተሰጥቶ በጤዛ የበሰበሰው ጭረት ግራጫ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የበሰበሰው ወደ ብጫ ያደላል። ይህን የተፈጥሮ ቀለም ለማጥፋት ድሮ በአመድ ውሃ እየቀቀሉ፣ ሣር ላይ ለፀሐይ እያሰጡ፣ በጎመዘዘ ወተት እየነከሩ ወራት ይፈጅባቸው ነበር። ክሎሪን ለማንጫነት የዋለው በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳዊው ኬሚስት በቤርቶሌ ሥራ ነው፤ የዛሬው በረኪና የዚያ ልጅ ነው። እንግዲህ «ቢዝ» ማለት ይህ ሁሉ ያልተደረገለት ነው። አንዳንዱ «አቡጀዴ» ሊል ይችላል፤ አቡጀዴ ግን ጥጥ ነው፣ ያልነጣ ጥጥም ወደ ቅቤ ቀለም ይሄዳል እንጂ እንደ ተልባው አይጠቁርም። ለአቡጀዴው ፈረንሳዮቹ «ኤክሩ» ቢሉ ይሻላቸዋል፤ ጥሬ ማለት ነው።

ዘቅኔ_ቤት፦
ልዩነቱን ጥሩ አድርገህ አሳየህ። ነገር ግን ቋንቋ በሸማኔ ሚዛን ብቻ አይለካም። «ወይባ መሬት»፣ «ወይባ ሰማይ» ብል ማንም «ድሮ ነጭ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቀኝም። ስሙ ከግሱ ነጻ ወጥቷል።

ሸማ_ሠሪ፦
ስሙ ነጻ ከወጣ ተርጓሚዋ ስሙን ትያዝ፤ «ወይባ ጨርቅ» ትበል እንጂ «የወየበ» አትበል። ያኔም ቢሆን አንባቢው የባሕታዊ ልብስ ነው የሚታየው። ገበሬ ጠረጴዛ ላይ መነኩሴ መጣ ማለት ነው።

ሥረ_ቃል፦
«ሐመር»ስ? ራእይ 6፥8 ላይ «ሐመር ፈረስ» አለ። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ካለፉ በኋላ የሚመጣ፣ ከሦስቱም ያልሆነ ቀለም ነው።

ዘቅኔ_ቤት፦
በዚያ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን ስም ደግመህ አንብብ፤ ሞት ነው። የግሪኩ ቃል «ክሎሮስ» ነው፤ አረንጓዴ-ብጫ፣ የበሽተኛ ፊት የሚመስል። ትኩስ ዳቦ ላይ አይቀመጥም። በግእዝ ደግሞ «ሐመር» መርከብ ነው፤ «ሐመረ ኖኅ» እንላለን።

ቀለም_በጥባጭ፦
እግረ መንገዴን ተርጓሚዋ «ቢ»ን ከ«ቢስትር» ጋር እንዳታምታታው። ቢስትር ቢች ከሚባል ዛፍ እንጨት ጥላሸት የሚሠራ ቡናማ ቀለም ነው። ጥላሸቱ ይደቅቃል፣ ይነፋል፣ ጨውና አሲዱ እንዲወጣ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ ዘቅጦ የቀረው ደርቆ ከሙጫ ጋር ይበጠበጣል። አጠባው ካነሰ ቀለሙ ወረቀት ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሚለጠፈውን ሬንጅ መሰል ጥላሸት ቢስትር ይሉታል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ሲነድ ይከማቻል፣ ቤትም ያቃጥላል። በሰዋስውም ይለያያሉ፤ «ቢስትር» ከስም የመጣ ቅጽል ስለሆነ በጾታና በቁጥር አይለወጥም፣ «ቢ» ግን ይለወጣል።

ለገሃር፦
ልክ ነው። «ታን ቢስትር» የዓይን ሥር ጥቁረትን፣ የበሽታን ፊት ሊያመለክት ይችላል። «ታን ቢ» ፀሐይ የነካው የገጠር ሰው ፊት ነው። ለሰው ፊት ከሆነ «ጠየም ያለ» በቂ ነው። እንዲያውም ለምን ለዳቦውና ለጨርቁ አንጠቀምበትም? «ጠየም ያለው ድቡልቡል ዳቦ ጠየም ያለው ጨርቅ ላይ ተቀምጧል።» ስድብ የለበትም፣ ማደፍ የለበትም፣ ድግግሞሹም ይጠበቃል።

ሸማ_ሠሪ፦
ለዳቦው እስማማለሁ። ለጨርቁ «ያልነጣ» ይሻላል፤ ንጹሕ መሆኑን ሳያጠፋ ቀለሙን ይናገራል። «ጠየም ያለው ዳቦ ያልነጣው ጨርቅ ላይ»።

ፉርኖ_ቤት፦
እንዲህ ከሆነ ደራሲው ያሰበው መስታወት ተሰበረ። ቃሉን ሁለት ጊዜ ያስቀመጠው ዳቦውና ጨርቁ አንድ ቤት፣ አንድ ኑሮ መሆናቸውን ሊያሳይ ነው። ወይ ሁለቱም «ጠየም» ይሁኑ፣ ወይ ሁለቱም «ያል-» ይያዙ፦ «ፉርሽካው ያልወጣለት ዳቦ ያልነጣው ጨርቅ ላይ»።

ዘቅኔ_ቤት፦
ሁለተኛው የአሠራር መግለጫ ነው፤ ቀለም አይታየኝም። «ጠይም» ደግሞ የሰው ነው። ፈረሱ ዳማና ቡላ አለው፣ ከብቱ ዳልቻ አለው፣ ጤፉ ሠርገኛ አለው። አማርኛ ቀለምን ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው፤ የአንዱን ነጥቆ ለሌላው መስጠት ያስነቅፋል።

ሥረ_ቃል፦
የኔታ፣ በዚህ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። «ጠይም» ከግእዙ «ጸሊም» የመጣ ይመስለኛል። «ጸ» ወደ «ጠ» መሄዱ የተለመደ ነው፤ ፀሓይን «ጠሃይ» የሚል አለ። «ሊ» ደግሞ «ይ» ይሆናል፤ ከፈለ ብለን ከፋይ፣ በላ ብለን በይ እንላለን። እንዲህ ከሆነ ቃሉ መጀመሪያ ለማንኛውም ጠቆር ያለ ነገር ነበር፤ የሰው ብቻ የሆነው በኋላ ነው። ለዳቦ ቢመለስ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ ተነጠቀ አይባልም።

ዘቅኔ_ቤት፦
«ጸለመ» አማርኛ ውስጥ «ጨለመ» ሆኖ ተቀምጧል፤ አንድ አባት ሁለት ወራሽ አስነሳ ልትል ነው? «ጠይም» ላይ «ይ» ጠብቃ ነው የምትነበበው፤ «ጸሊም» ላይ «ሊ» አትጠብቅም። ጥብቀቷ ከየት መጣች? ይህን አስረዳኝና «ጠይም ዳቦ»ን እፈቅዳለሁ።

ተርጓሚዋ፦
እስከዚያው «ጠየም ያለ» ብዬ ልጻፈው? ጽሑፉ ሐሙስ ይገባል።

ሥረ_ቃል፦
ጥብቀቷማ ከ«ቀይ» እና «ቀይ ዳማ» ተጎራብታ የመጣች ትሆናለች። «ቀይ» ራሱ «ቀይሕ» ነበረ፤ «ሕ» ስትወድቅ «ይ»ን ምን እንዳደረገቻት እንይ…