ጌም ኦፍ ትሮንስን ይዤ ሴሚናር ብገባ ጉድ እሆናለሁ?

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምማረው፣ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት። የዛሬ ሳምንት ሴሚናር አለብኝ፤ አንድ ቲዎሪ መርጠን በራሳችን ምሳሌ ማስረዳት አለብን። ክፍሉ በሙሉ ቀዝቃዛውን ጦርነት ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጌም ኦፍ ትሮንስን፣ ያንን የዙፋን ሽኩቻ ተከታታይ ፊልም፣ ሁለቴ ጨርሻለሁ፣ ስምንቱንም ሲዝን፣ 73ቱንም ክፍል (አትፍረዱብኝ፣ ክረምት ነበር፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም)።

ሐሳቤ ሪያሊዝምን በሱ ማስረዳት ነው። አገሮችን ከበላይ የሚዳኝ የለም፣ ሁሉም ራሱን ይጠብቃል የሚለውን ቲዎሪ። የቲዎሪው ሊቅ ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያብራራውን ንግሥቷ ሰርሴ በአንድ ትዕይንት ትጨርሰዋለች። ሸረኛው ሹም ሊትልፊንገር እውቀት ኃይል ነው ሲላት ወታደሮቿን "ያዙት፣ ጉሮሮውን ቁረጡት" ትልና፣ ሊቆርጡት ሲሉ "ቆይ፣ ተውት" ብላ፣ ኃይል ማለት ኃይል ነው ትለዋለች። አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ አለ?

ግን ትናንት ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ለጓደኛዬ ብነግራት "ፊልም አይተሽ ዲግሪ!" ብላ ሳቀችብኝ። መምህሩም ይስቅብኛል?

የዘጌ ቡና
ይሳቅ፣ ምን ችግር አለው። ሰርሴን ግን ተያት፣ እሷን የማያነሳ የለም። ዋልደር ፍሬይን ውሰጂ። ሽማግሌው መስፍን እንደ ላኒስተሮች ቤት (የሰርሴ ዘመዶች) ሀብት የለው፣ እንደ ስታርኮች ቤት ክብር የለው። ያለው ድልድይ ነው። ሮብ ስታርክ ጦሩን ይዞ ወንዙን መሻገር ስለነበረበት ብቻ የጋብቻ ቃል ገባለት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት አሮጌው ላይ የተሰለፈ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ከዛ ወደ ጅቡቲ ትሄጃለሽ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቻይናም፣ ሁሉም እዚያ ጦር ሰፈር አላቸው። እኛም ከኤርትራ ጋር ከተዋጋን ወዲህ ዕቃችን የሚገባው በዋናነት በሷ በኩል ነው። አገሯ ትንሽ፣ በሩ ግን እሷ ጋ። (እንደ ዋልደር ፍሬይ ሰርግ ላይ እንግዳ ያርዳሉ አላልኩም፣ ሃሃ።)

ግሽ ዓባይ
ምነው ሩቅ ሄዳችሁ፣ ዓባይ ራሱ ከሐይቁ ሲወጣ እያያችሁት? ለነገሩ የግድቡ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፣ ፊልሙ የጀመረው ደግሞ በ15ኛው ቀን። እሱን አቅርቢ።

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት
ዓባይን ሦስት ልጆች ይዘውታል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ልጄ፣ ፊልሙን ልጆቼ ሲያዩ ከጎን ሆኜ ነው ያየሁት፣ ካጠፋሁ አርሚኝ። ሰባቱ መንግሥታት የተባሉት በአንድ ዙፋን ሥር ያሉ አይደሉም እንዴ? እንግዲያ ከበላይ ዳኛ ነበራቸው። የዋልትዝ አገሮች ግን ዱሮም ዳኛ የላቸውም። ፊልሙ የሚያሳየው ዳኛው ሞቶ ቤቱ ሲፈርስ ነው። እሱን ለማየት ከሆነ ጣናን ዞሮ ጎንደር መድረስ ይበቃል።

ዘመነ መሳፍንትን አስቢ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ኢዮአስን ካስገደሉ ጀምሮ እስከ 1855 ድረስ ንጉሠ ነገሥት የተባለው ጎንደር ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ጦሩም ግብሩም በመሳፍንቱ እጅ ነበር። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ሆነው ያነግሣሉ፣ ይሽራሉ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ያን ሁሉ ጦር ይዘው ለምን ራሳቸው ዘውዱን አልጫኑም? ማን ይከለክላቸዋል? የዚያችን ሴትዮ አነጋገር ከተከተልን ራስ ጉግሣ በማግስቱ መንገሥ ነበረባቸው። አልነገሡም። ሰው ዘውድ የሰሎሞን ዘር ነው ብሎ ያምን ነበርና። ካሳ እንኳ ሁሉንም አንድ በአንድ አሸንፎ ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ፣ ሕዝቡ በትንቢት ሲጠብቀው የኖረውን ስም ማለት ነው። ጦሩ ብቻውን አልበቃውም።

ታንኳ ቀዛፊ
መምህር ቆንጆ ነገር አነሱ። ፊልሙ ውስጥም እኮ አለ፣ የሰላዮቹ አለቃ የቫሪስ እንቆቅልሽ። ንጉሥ፣ ቄስና ሀብታም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ መሐላቸው ሰይፍ የያዘ ተራ ወታደር። እያንዳንዳቸው ሁለቱን ግደልልኝ ይሉታል። ማን ይተርፋል? ወታደሩ እንደሚያምነው ነው። እሱ ኮንስትራክቲቪዝም ነው፣ ኃይልን የሚወስነው ሰው የሚያምነው ነው የሚለው ቲዎሪ፤ ዌንት የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 አናርኪ (የበላይ ዳኛ አለመኖር) አገሮች ራሳቸው የሚሠሩት ነገር ነው ያለው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፊልሙ ሪያሊስት የሆነው ዓለም እንደዛ ስለሆነች አይመስለኝም፣ ክህደት ስለሚያጓጓ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሳ አውሮፕላን የስንት አገር ሰማይ አቋርጦ ያርፋል፣ ማንም አይተኩስበትም፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ውል አለ። ፖስታ ከ1874 ጀምሮ በስምምነት ድንበር ይሻገራል። በዚህ ላይ ስምንት ሲዝን ማን ያያል? እንቅልፍ ነው የሚወስድሽ። ስለዚህ ሮበርት ኮሄንና መሰሎቹ ሊቃውንት ስለ አገሮች ትብብር የሚሉት ነገር ከስክሪኑ ውጪ ቀረ፣ ቢበዛ የብራቮስ ባንክ ብቅ ብሎ ብድሩን ጠይቆ ይሄዳል። ፊልሙን አይቶ "ሪያሊዝም ተረጋገጠ" የሚል ሰው ችሎት ውሎ አገሩ ሁሉ ሌባ ነው እንደሚል ሰው ነው።

አንድ ክፍል ግን አትዝለይ። ሰርሴ የሙታኑን ሠራዊት ለመውጋት ጦሬን ወደ ሰሜን እልካለሁ ብላ ቃል ገብታ ቀረች። ሌሎቹ ሞተው የሙታኑን መሪ፣ የሌሊቱን ንጉሥ ገደሉላት፣ እሷ ቤቷ ወይኗን እየጠጣች። እምቦጭ ከጣና ሲነቀል "እኛ ዳር ገና አልደረሰም" ብሎ የቀረውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። የአየር ንብረት ድርድር ላይ ያለው ራስ ምታትም ይኸው ነው፣ ሌላው ይልፋ እኔ ልዳን።

ማታ ማታ
ሲዝን 8ን ብቻ እንዳታነሺ፣ ፊልሙን ያበላሸው እሱ ነው።

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የጠየቁኝን ጥያቄ ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ሐሳቤን ቀየርኩ። መጀመሪያ ሰርሴን አሳያቸዋለሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዛ ስላይዱን ቀይሬ "ታዲያ የየጁ ራሶች ለምን አልነገሡም?" ብዬ ዝም እላለሁ። ታንኳ ቀዛፊ ያልከውን የክህደት ነገርም መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ፣ ችሎቷን ሰርቄሃለሁ። ድልድዩን ግን ጊዜ ከተረፈኝ ነው፣ የዘጌ ቡና ይቅርታ።

የዘጌ ቡና
ጅቡቲን ጥለሽ የት ልትደርሺ! ይሁን። መብራት ከጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? እኛ ሰፈር ሰሞኑን አያምርም።

ፔዳ ሦስተኛ ዓመት
በቃሌ እተርከዋለሁ። ሁለቴ አይቼዋለሁ አልኩ አይደል።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ልጄ፣ የጻፍኩልሽ 1769 እና 1855 በፈረንጆቹ ነው። ግድቡ ግን በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። ስላይድ ላይ እንዳትቀላቅይው።