እማዬ ከርከዴ ጠጥታ ግፊቷ ወረደ፤ ቶሎ መልሱልኝ!

የእማዬ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ። እማዬን ግፊት ስለካት 92 በ58 አለ። ሁሌ ከ140 በላይ ነው። ብድግ ስትል ጭው ይላታል። እህቴ ከጅዳ ከርከዴ አምጥታላት፣ "ፍላቮኖይድ አለው፣ ለግፊት ፍቱን ነው" ብላት ሳምንቱን ሙሉ በፔርሙዝ ስትጠጣ ከረመች። ክኒኗንም ጠዋት ውጣለች። ምን ላድርግ?

ጋሽ ተፌ፦ ጨው በውኃ በጥብጠሽ አጠጫት።

መምህሩ፦ በቅድሚያ ፍላቮኖይድ አንድ ነገር አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ የእፅዋት ውህዶች የወል ስም ነው። ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን አለ፣ ሻይ ውስጥ ካቴኪን። ከርከዴን የሚያቀላው አንቶሲያኒን ነው። በ1936 ሰንት-ጆርጂ የተባለ የሃንጋሪ ሳይንቲስት "ቫይታሚን ፒ" ብሏቸው ነበር፤ ቫይታሚን አለመሆናቸው ሲታወቅ ስሙ ቀረ። ከርከዴው ላይ ሎሚ ብትጨምሪ...

ሚጥሚጣ፦ መምህር፣ ሴትዮዋ ጭው እያላቸው ነው፤ ፈተናው ነገ ይሁንልን 😂

የመድኃኒት ቤቷ፦ አስተኚያቸው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ። በደንብ ነቅተው ካወሩ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጫቸው። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ንግግር ከተምታታባቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ክኒኑ ምንድን ነው?

የእማዬ ልጅ፦ ነጭ ነው። ትንሿ።

የመድኃኒት ቤቷ፦ የኔ እህት፣ ሁሉም ነጭ ነው። ማሸጊያውን አንብቢልኝ።

የእማዬ ልጅ፦ ኢናላፕሪል 10። ሌላም አለ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ።

ጋሽ ተፌ፦ ጨው በውኃ አልኩ እኮ።

ጠያቂው፦ እኔ በከርከዴው አላምንም። በ2010 የወጣ የአሜሪካ የቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ሰዎቹ በቀን 3 ኩባያ ለ6 ሳምንት ጠጥተው የላይኛው ግፊት በአማካይ 7 ገደማ ነው የወረደላቸው። ከ140 ወደ 92 ከየት መጣ? ማሽኑስ ልክ ነው? ጾም ላይ ናቸው?

የመድኃኒት ቤቷ፦ እነዚያ ሰዎች የግፊት ክኒን አይወስዱም ነበር። ኢናላፕሪል የደም ሥር የሚያጠብ ነገር የሚያመርተውን ኢንዛይም እንዳይሠራ ያግዳል፤ የከርከዴ አንቶሲያኒንም በላቦራቶሪ ያንኑ ኢንዛይም ሲያግድ ታይቷል። ሁለተኛው ክኒን ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ነው። ግን ልክ ነህ፣ ይሄን ያህል አያወርድም። እህቴ፣ ያስቀምጣቸዋል? ያስመልሳቸዋል?

የእማዬ ልጅ፦ ከትናንት ጀምሮ ሲያስቀምጣት ነበር። ምግብ ነው ብዬ ተውኩት።

የመድኃኒት ቤቷ፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግሪንም?! ውኃ አልቆባቸዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሁለቱ ክኒኖች ተደርበው ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ኦ አር ኤስ እያስጎነጨሽ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ ክኒኖቹንም ይዘሽ ሂጂ። ሐኪም ሳያይ ቀጣዩን እንዳትሰጪ፣ ለዘለቄታው ግን በራስሽ አታቋርጪ። ከርከዴው ይቅር።

ሚጥሚጣ፦ ፔርሙዙንም ለእህትየው መልሺላት።

ጋሽ ተፌ፦ ኦ አር ኤስ ምንድን ነው? ጨው በውኃ አይደለም?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ስኳር አለው ጋሼ፣ ልኩም የታወቀ ነው። የእማዬ ልጅ፣ ደረሳችሁ?

ሚጥሚጣ፦ ሁለት ሰዓት ሆነ እኮ። አለሽ?