በሥራ ላይ ላለ ጋዜጠኛ ሁለተኛ ዲግሪው በጋዜጠኝነት ይሁን ወይስ በሌላ ትምህርት?

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚ ዘጋቢ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የኢኮኖሚ ጉዳዮችን እዘግባለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲሆን፣ ስክሪፕት መጻፍንም ሆነ ቃለ መጠይቅ ማድረግን የተማርኩት ከሥራውና ከአዘጋጆቼ ነው። አሁን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ቆርጫለሁ፤ ያልቆረጥኩት ምን እንደምማር ነው። አንደኛው ሐሳቤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት መግባት ነው። ሌላው ኢኮኖሚክስ ወይም የልማት ጥናት መማር ነው፤ ምክንያቱም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አድማጮች እየደወሉ «ታዲያ የዘይት ዋጋ ምን ሊሆን ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ከመግለጫው ያለፈ መልስ መስጠት የሚችል ዘጋቢ መሆን እፈልጋለሁ። የውጭ አገር ትምህርትም በሐሳቤ አለ። ለመሆኑ የጋዜጠኝነት ማስተርስ ሥራውን አስቀድሞ ለሚሠራ ሰው የሚጨምርለት ምንድን ነው? የተማራችሁና በዚህ ጉዳይ የምታውቁት ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የቀድሞ ተማሪ

እኅቴ፣ ከጠቀሷቸው አማራጮች የመጀመሪያውን ስለተማርኩ ስለ እርሱ ብቻ ልናገር። የአዲስ አበባው ፕሮግራም ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከዜና ክፍሎችም ሆነ ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮዎች ብዙ ሰው ተምሮበታል። ከመመዝገብዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባው ዋናው ነገር፣ ትምህርቱ ዜና መጻፍን የሚያስለምድ ሳይሆን የተጻፈውን ዜና የሚያስመረምር መሆኑ ነው። ጊዜዎን የሚወስዱት የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብ፣ የምርምር ዘዴ፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ ናቸው። ማይክራፎን ይዞ መውጣትን የሚጠብቅ ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ቅር ይለዋል። እኔ ግን ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ከዚያው ምርምር ነውና እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት።

የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የአንድ ዓመት የግብርና ዘገባ ማንን እንደሚያናግር ማወቅ ፈለጉ እንበል። ጋዜጣው በየዕለቱ ስለሚታተም የዓመቱን ሁሉ ማንበብ ይከብዳል፤ አንድ ወር ብቻ መርጦ ማንበብ ደግሞ ወሩ የማዳበሪያ ሥርጭት ወይም የአዝመራ ወቅት ሆኖ ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ከዓመቱ ሰኞዎች ሁሉ ጥቂቱን በዕጣ፣ ከማክሰኞዎቹም እንዲሁ፣ እስከ እሑድ ድረስ እያወጡ ዓመቱን የሚወክሉ ሳምንታትን ያዋቅራሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዘገባ አንድ ቅጽ ይሞላል። የተጠቀሰው ምንጭ ሚኒስትር ነው፣ የወረዳ ኃላፊ ነው፣ ተመራማሪ ነው ወይስ ገበሬ? ገበሬው በስሙ ተጠርቷል ወይስ «አርሶ አደሮች ገለጹ» ተብሎ ታልፏል? ሴት ናት ወይስ ወንድ? ንግግሩ በየትኛው አንቀጽ ላይ ገባ? ከዚያም ሌላ ሰው ከእነዚያው ዘገባዎች የተወሰኑትን ለብቻው እንዲሞላ ይደረግና የሁለታችሁ ምዝገባ ምን ያህል እንደሚገጥም በቀመር ይሰላል። ካልገጠመ ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ ግልጽ አልነበረም ማለት ነውና ተስተካክሎ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ይህ አድካሚና ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። ሆኖም ይህን የሠራ ሰው ወደ ዜና ክፍሉ ሲመለስ የራሱን ስክሪፕት የሚያነበው በሌላ ዓይን ነው፤ በሦስት ደቂቃ ዘገባ ውስጥ ስንት ባለሥልጣንና ስንት ሸማች እንደተናገረ ማንም ሳይጠይቀው ይቆጥራል፣ «ምንጮች እንደገለጹት» የሚለውን ሐረግም በቀላሉ አያሳልፍም። ሙያችን የሚጎድለው ይህ ጥንቃቄ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የሬዲዮ ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የመመረቂያ ጽሑፍዎን በሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሊሠሩ ካሰቡ የድምፅ ቅጂዎቹ መቀመጣቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። ጋዜጣ ቢሆን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄዶ የቆየውን ጥራዝ ማገላበጥ ይቻላል፤ የተላለፈ የሬዲዮ ዝግጅት ግን ጣቢያው ካላስቀመጠው የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም።

መልስ፦ የዜና አዘጋጅ

የቀደመው ጸሐፊ ያሉትን አከብራለሁ፤ እኔ ግን በእርስዎ ሁኔታ ላለ ሰው የዘርፍ ዕውቀት ይቀድማል ባይ ነኝ። በየሳምንቱ ከማርማቸው የኢኮኖሚ ዘገባዎች ብዙዎቹ በቋንቋ ያማሩ ሆነው የሚወድቁት ዘጋቢው የዋጋ ግሽበት መጠን መቀነስንና የዋጋ መቀነስን ለይቶ ባለማወቁ ነው፤ ግሽበት ሲቀንስ ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ዋጋው አይረክስም። «ግሽበት ቀነሰ» የሚለውን ዜና አድማጩ «ዕቃ ረከሰ» ብሎ ይሰማውና ገበያ ወጥቶ ሲያየው ጣቢያውን ውሸታም ይለዋል። ይህን ጉድለት የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብ አይሞላውም።

የጥንቶቹ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ ይህን ችግር አይተውታል። በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር በሰጠው ገንዘብ፣ እርሱ በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ተከፈተ፤ በድኅረ ምረቃ ደረጃም ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው የአንድ ዓመት ገደማ የዘጋቢነት ሥልጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ልምድ ላላቸው ጋዜጠኞች ሌላ ማስተርስ ጨመረበት፤ በዚህኛው ተማሪው ፖለቲካን፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚን፣ ሳይንስን ወይም ኪነ ጥበብና ባህልን መርጦ ያንን ዘርፍ በጥልቀት ይማራል። ለሠራ ሰው የሚጎድለው የአዘጋገብ ዘዴ ሳይሆን የሚዘግበው ጉዳይ ዕውቀት ነው ከሚል እምነት የመነጨ ውሳኔ ይመስለኛል፤ እኔም እስማማበታለሁ።

ጥያቄ አቅራቢዋ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሆኖ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ የሚቀበለኝ ይመስላችኋል? የሒሳብ መሠረቴም የመሰናዶ ትምህርት ነው።

መልስ፦ የዜና አዘጋጅ

በኢኮኖሚክስ በቀጥታ መግባቱ ያስቸግራል፤ ትምህርት ክፍሎቹ በአብዛኛው ተዛማጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ፣ ኢኮኖሜትሪክሱም (ኢኮኖሚን በስታቲስቲክስ መተንተኑ) ያለ ሒሳብ አይገፋም። የልማት ጥናት ከተለያየ ዘርፍ የመጡ ተማሪዎችን በመቀበል ይሻላል። ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ በማታው መርሐ ግብር የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ መማር። ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ ለቆረጠ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይመስል ይሆናል፤ በዘገባዎ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከሁሉም ፈጥኖ ይታያል።

መልስ፦ ከአውሮፓ

ስለ ውጭው አማራጭ የማውቀውን ላካፍል። አውሮፓ ውስጥ በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለ (የተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት) የጋዜጠኝነት ማስተርስ አለ፤ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት በኦርሁስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተማሪው በመረጠው ዘርፍ በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው። ጀርመን ቦን ውስጥ የዶይቸ ቬለ አካዳሚ ከሁለት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጋር የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ሚዲያ ጥናት ማስተርስ አራት ሴሚስተር ነው። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ናቸው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ቺቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተማረውም ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። በግል ገንዘብ መማር ከኢትዮጵያ ደመወዝ አንጻር የማይታሰብ ስለሆነ ዕድሉን መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲውን ቀጥሎ ይፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያስቡበት። እዚህ የሚጻፈውም የሚታረመውም በእንግሊዝኛ ነው። መምህራኑ የእርስዎን የአማርኛ ስክሪፕት ሊያርሙ አይችሉም፤ ስለዚህ የሚያገኙት ዘዴውንና ሰፊውን ዕይታ ነው፣ ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ በእርስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለሬዲዮ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መልስ፦ የቀድሞ ተማሪ

የአዘጋጁን ሐሳብ ካነበብኩ በኋላ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ታየኝ። ወደ ጋዜጠኝነቱ ከገቡ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ ከራስዎ ዘርፍ ያውጡት። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገው መረጃ የማግኘት መብት ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ያንን ክፍል አልሻረውም። በሕጉ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ተመሳሳይ የኢኮኖሚ መረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተው ለተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያስገቡ፤ በየመዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ያስመዝግቡ፣ ቅጂውን ይያዙ፤ ማን በስንት ቀን መለሰ፣ ማን «ከኃላፊው ጋር ይነጋገሩ» ብሎ አሳለፈ፣ ማን በጽሑፍ ከለከለ የሚለውን ይመዝግቡ። ከተከለከሉም ይግባኙን እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ይከተሉት። ጥናቱ ለዲግሪው ይውላል፣ የሚገኘው መረጃ ደግሞ ለዝግጅትዎ። አማካሪ የሚሆንዎትን መምህር ግን ርዕስ የሚመዘገብበትን ጊዜ ሳይጠብቁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያነጋግሩ፤ የ30 ቀን መልስ የሚጠብቅ ጥናት በመጨረሻው ሴሚስተር ተጀምሮ አያልቅም።