የላኦ «ፎ» ስሟ ተገልብጦ ይቅር?

ሆሄ፦ ትናንት ስለ ላኦ (የላኦስ ቋንቋ) ፊደል ስናወራ አንድ ወንድም «ስም ምን ያደርጋል፤ ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ነው» ብሎ አለፈ። እስካሁን ይከነክነኛል። ላኦዎች ሁለት «ፎ» አሏቸው፤ አንዷ ከከፍተኛው የቃና (የድምፅ ከፍታ) ክፍል፣ አንዷ ከዝቅተኛው። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥርና ስም የሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ፣ ከፍተኛዋን በቁጥር 3741 አስቀምጦ «ፎ ታም» አላት። ታም እኮ ዝቅተኛ ማለት ነው! ዝቅተኛዋን ደግሞ በ3743 «ፎ ሱንግ»፣ ማለትም ከፍተኛ፣ ብሏታል። ይኸው እስከ ዛሬ አልታረመም።

የኮድ ሰው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። አይታረምምም። ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ስም አይለውጥም፤ ደንቡ ነው። ፊደልን በስሙ የሚጠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስሙ ሲቀየር ይበላሻሉ። «ብራኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይቀር በአንድ ምልክት ስም ውስጥ ፊደሉ ተዛብቶ ተጽፎ እንደዚያው ቀርቷል። ለላኦዎቹ ማረሚያ ስም ተሰጥቷል፦ «ፎ ፎን» እና «ፎ ፋይ»። ሌላ ምን ይደረግ?

ወለተ ግዕዝ፦ ቆይ ወንድሜ። ስም ምንም ካላደረገ፣ ስም ሲቀየር ፕሮግራሙ ለምን ይበላሻል?

የኮድ ሰው፦ ለተጠቃሚው ማለቴ ነው። በላኦስ ዋና ከተማ ቪየንቲያን ውስጥ በስልኩ የሚጽፍ ሰው ስሙን አያየውም። ፊደሉ በትክክል ይወጣለታል።

ሆሄ፦ ኪቦርድ የሚሠራው ሰውስ? ቋንቋውን የማያውቅ ባለሙያ ስሙን አምኖ ከሠራ ሁለቱን ያቀያይራቸዋል። በላኦ ደግሞ የቃሉ ቃና የሚወሰነው ፊደሉ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እየታየ ነው። ፎን ዝናብ ነው፣ ፋይ እሳት። የዝናቡን በእሳቱ ፊደል ጽፈህ እስቲ አንብበው።

ደብተራው፦ እኛም ቤት ያው ነው። «ሰ» እና «ሠ» አንድ ናቸው ሲሉን ዝም አልን።

የኮድ ሰው፦ አባባ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ነው።

ደብተራው፦ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ ልክ እንደ ፀሐይ። «ሰረቀ» ሌብነት ነው። አንድ ናቸው?

ወለተ ግዕዝ፦ ፊደል መቀነስን ካነሳችሁ ላኦስ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ አዲሱ መንግሥት «ሮ»ን ከፊደል ገበታ አወጣት፤ በንግግር «ል» ሆናለች ተብሎ። ኋላ ግን የውጭ ስም መጻፍ ሲቸግር ተመለሰች። እሷንም ዩኒኮድ በ3747 «ሎ ሊንግ» ብሎ መዝግቧታል። ሊንግ ጦጣ ነው፤ ጦጣ የሚጻፈው ደግሞ በሌላኛዋ፣ በ«ል» ፊደል፣ በ3749ኟ ነው፤ የሁለቱም ስም ተለዋውጧል። ከሁለቱ «ፎ» ጋር የተገለበጡት አራት ስሞች ናቸው ማለት ነው።

የኮድ ሰው፦ እሷም ማረሚያ አላት፤ «ሮ» ተብላለች። የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ፓይተን ከ3.3 እትሙ ጀምሮ በማረሚያው ስም ሲጠሩት ይቀበላል። በእሱ ተጠቀሙ እንጂ!

ሆሄ፦ የራሳቸው ፊደል ትክክለኛ ስም ለምን ተለጣፊ ይሆናል? ዋናው ቦታ ላይ የተቀመጠው እኮ ስህተቱ ነው።

የኮድ ሰው፦ ዛሬ ለላኦ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ይጠይቃል።

ደብተራው፦ ይጠይቅ! የራሱ ፊደል አይደለም እንዴ?

ወለተ ግዕዝ፦ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። «ስም ምን ያደርጋል» ያልከውን አንሳ።

የኮድ ሰው፦ አላነሳም።