ከጓሮአችን በላይ የሚያንዣብብ ድሮን፦ በቨርጂኒያ ምን መብት አለን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ አቅራቢያ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አመሻሽ ላይ አንድ ድሮን ከጓሮአችን በላይ ደጋግሞ እየመጣ ያንዣብባል፤ እናቴ ውጭ ቡና ማፍላት ትታ ረከቦቷን ወደ ቤት አስገብታለች። ጎረቤቶቻችን የፖሊስ ነው ይላሉ። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢያችንን ከላይ መቅረጽ ይችላል? ባለቤቴ ደግሞ መትቼ አወርደዋለሁ እያለ ያስጨንቀኛል።

ድሮን አብራሪ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎን በመጀመሪያ ይከልክሉልኝ። ድሮን በፌዴራል ሕግ እንደ አውሮፕላን ስለሚቆጠር፣ መትቶ መጣል በፌዴራል ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ይልቅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ይሞክሩ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በሚያስፈጽመው የሪሞት አይዲ ደንብ መሠረት፣ መመዝገብ ያለባቸው ድሮኖች መለያ ቁጥራቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ያስተላልፋሉ፤ ይህንንም በስልክ መተግበሪያ ማንበብ ይቻላል። የባለቤቱ ስም ግን አይታይም። ከ250 ግራም በታች የሆኑ የመዝናኛ ድሮኖች ይህ ግዴታ ስለሌለባቸው፣ ምልክት አለመታየቱ ብቻ ድሮኑ የመንግሥት ነው አያሰኝም።

የሕግ ረዳት፦ የጠየቁት ዋና ነገር በቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 19.2-60.1 ላይ ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት የግዛቱም ሆነ የአካባቢው ፖሊስ ድሮን ለመጠቀም በመርሕ ደረጃ የብርበራ ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ የጠፋ ሕፃን ፍለጋ፣ በሰው ሕይወት ላይ የተደቀነ አደጋና የመሳሰሉት ከዚህ ውጭ ናቸው። ሕጉን በመጣስ የተገኘ ማስረጃም በፍርድ ቤት ተቀባይነት የለውም። ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ምክንያቱም የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ብቻውን ይህን ያህል አይጠብቀንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ፖሊስ ከ1,000 ጫማ ከፍታ፣ በ1989 ደግሞ በሄሊኮፕተር ከ400 ጫማ ከፍታ ያለ ትእዛዝ የግለሰብ ግቢ መመልከቱን ፈቅዷል። በ2021 ግን ቨርጂኒያንም የሚያጠቃልለው የአራተኛው ምድብ የይግባኝ ፍርድ ቤት የባልቲሞር ፖሊስ የከተማውን ነዋሪ እንቅስቃሴ በአውሮፕላን መከታተሉን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሏል። ያ ጉዳይ የብዙ ቀናት ጅምላ ክትትል ስለነበረ፣ አንድ ድሮን አልፎ አልፎ ግቢ ላይ ሲያንዣብብ በቀጥታ ላይሠራ ይችላል። አንቀጽ 19.2-60.1ም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን አይገዛም።

የማኅበረሰብ አገልጋይ፦ ድሮኑ የግለሰብ ከሆነ አንቀጽ 18.2-121.3ን ያንብቡ። ሆን ብሎ ወደ ግቢዎ ገብቶ ከመኖሪያ ቤቱ በ50 ጫማ ውስጥ ለማስፈራራት ወይም ለማዋከብ ያበረረ፣ ወይም እንዲያቆም ከተነገረው በኋላ ድርጊቱን የደገመ ሰው እስከ 12 ወር እስራት ሊደርስበት ይችላል። አብራሪው ከታወቀ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ሰጥታችሁ ቅጂውን አስቀምጡ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖሊስን በቀጥታ መጠየቅስ ይቻላል?

የሕግ ረዳት፦ ይቻላል። የቨርጂኒያ ነዋሪ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት ሊጠይቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ስምና አድራሻ ሊጠይቁዎት ይችላሉ፤ ለምን እንደፈለጉት ግን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ድሮኑ የታየበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሰው የበረራ መዝገቡን፣ የበረራውን ዓላማና ቪዲዮ የሚቀመጥበትን ጊዜ የሚወስነውን መመሪያ ይጠይቁ።

ድሮን አብራሪ፦ ከዛሬ ጀምሮ ድሮኑ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ የመጣበትን አቅጣጫና የቆየበትን ደቂቃ ይመዝግቡ፣ በስልክም ይቅረጹት፤ ሰዓት ያልተጠቀሰበትን ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ በቀላሉ «መዝገቡን አላገኘነውም» ብሎ ሊመልስ ይችላል።