የጓሳ የመስክ ጉዟችን ተሰረዘ፤ ምን ብዬ ልከራከር?

የመንዝ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ጓሳ፣ መንዝ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ ወደሚጠብቀው የደጋ ሣር ምድር፣ እወስድ ነበር። ዘንድሮ ተከለከልኩ። ብሩ ገቢ ወደሚያስገቡ አጫጭር ሥልጠናዎች ዞረ። አሁን የትምህርት ክፍላችን የሚመዘነው በውስጥ ገቢ ነው፤ ስንት ሥልጠና ሰጣችሁ፣ ስንት የማማከር ሥራ አመጣችሁ ነው ጥያቄው።

ዩኒቨርሲቲ የራሱን ገቢ መፈለጉን አልቃወምም። የቤተ ሙከራ ዕቃ በምን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ግን ጓሳ ላይ የሚታየውን ሌላ የት ላሳያቸው? (ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ሳይቆጠር ማለቴ ነው።) የመንዝ ሰው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ (ከሣር ለሚሠራው የዝናብ መከላከያ) ያጭዳል። ቀሮ የሚባለው ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ቆይቶ በሌላ መልክ ጥበቃውን መለሰው። ይህን በስላይድ ሳስተምር ተማሪው ይጽፋል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። እዚያው ቆሞ አንድ ሽማግሌ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይገባዋል።

ሒሳብ ክፍል
እኔ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ነው የምሠራው። «ጠቃሚ ነው» ብለው ብቻ አይሂዱ፤ ነዳጁን፣ አበሉን፣ የተማሪውን ቁጥር ጽፈው ይሂዱ። ጉዞው ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ከሰፈረ እንደ ተጨማሪ ወጪ አያቅርቡት። የኮርሱ አካል ነው።

ጣርማበር
ወንድሜ፣ አንተም ለምን ወደ ሥልጠና ቀይረህ አትሸጠውም?

የመንዝ ልጅ
@ጣርማበር ሞክሬ ነበር። የሚከፍለው ነው ርዕሱን የሚመርጠው። መጨረሻ ላይ የተፈለገው የሦስት ቀን የሪፖርት አጻጻፍ ሆነ። ማገዶ አጥቶ ኩበቱን ስለሚያነድ፣ ማሳው ፍግ ስላጣበት ገበሬ ማን ከፍሎ ይማራል?
@ሒሳብ ክፍል እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ዛሬውኑ አያለሁ።

የልማት ጣቢያ
መምህር፣ የድሮ ተማሪዎ ነኝ። ጓሳን ያየሁት ከእርስዎ ጋር ነው። አምና ቀበሌያችን ላይ ተዳፋቱን ከግጦሽ ለመከለል ስንሰበሰብ ሰው አኮረፈ። «ይሄ የመንግሥት ሐሳብ ነው» አሉኝ። የጓሳን ታሪክ ነገርኳቸው። አንድ አባት «የእኛው ነገር ነው እንዴ!» ብለው ተነሡ። አሁን ተከልሏል፤ ሣሩንም በተራ ያጭዳሉ። ይህን በደብዳቤ ልጻፍልዎ?

የመንዝ ልጅ
ጻፍልኝ ልጄ። የቀበሌው ማኅተም ይኑርበት። ጉዳዩን የማቀርብበት ስብሰባ ሐሙስ ነው።