ድሩ እየተበጠሰብን ነው፣ ሽመና የምታውቁ ድረሱልን!

ሰብለ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ እማወራ እናቶችን ሽመና እናሰለጥናለን። ከጠዋት ጀምሮ ድሩ በላይ በላዩ እየተበጠሰ ነው። አንዱን ስንቀጥል ሌላው ይሄዳል። ነጠላዎቹ ነገ ለገዢ መድረስ አለባቸው። ለእናቶቹ የመጀመሪያ ገቢያቸው ነው። ምን እናድርግ?

ጋሽ ደሳለኝ፦ ልጄ፣ ሽመና በችኮላ አይሆንም። የዶርዜ ልጅ አባቱ ሲሸምን፣ እናቱ ስትፈትል እያየ ነው የሚያድገው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ሲቀመጥ ደግሞ ከመሬቱ እርጥበት ያገኛል። ጥጥ ሲደርቅ ቶሎ ይበጠሳል፣ ሲረጥብ ይጠነክራል። እናንተ ሊሾ ላይ ሳትሆኑ አትቀሩም።

ቤቲ፦ ወለሉ ላይ ውሃ እርጩ፣ መስኮቱንም ዝጉ።

ዮናስ፦ እህቴ፣ ለምን ሽመና መረጣችሁ? ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስፌት ብታስተምሯቸው አይሻልም?

ሰብለ፦ ዮኒ፣ የመረጡት እናቶቹ ናቸው። ልጆቻቸውን እያዩ ቤታቸው መሥራት ይፈልጋሉ። ደግሞ ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው፣ ክር ያውቃሉ። የእጅ ሥራ የሚፈልግ ገዢም አለ። አሁን ግን ስለ ድሩ ንገሩኝ!

ማርታ፦ ድሩ የፋብሪካ ነው የእጅ ፈትል? የሚበጠሰውስ አንድ ቦታ ነው ወይስ የትም?

ሰብለ፦ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል። አብዛኛው በቀኝ በኩል ነው።

አቤል፦ ውሃ እርጩ በቃ። ጋሽ ደሳለኝ ትምህርቱን እስኪጨርሱ ነጠላው ተሸጦ ያልቃል 😄

ማርታ፦ አንድ በኩል ከሆነ ድርቀት ብቻ አይደለም። ማጉን የምትመቱበትን ማበጠሪያ ቀኝ ጥርሶች በጣታችሁ ዳስሱ። የሻከረ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ክሩን እየፋቀው ነው። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ቀኙ ድር ከግራው ይበልጥ ተወጥሮ እንደሆነም እዩ። ከሆነ አላሉት።

ጋሽ ደሳለኝ፦ ማርታ ልክ ነች። ያልተሸመነውን ድር ደግሞ እንደ አጥሚት በቀጠነ የዱቄት ሙቅ ቀቡት። ክሮቹ እንዳይጣበቁ እየለያችሁ አድርቁት። የጥለቱን ባለቀለም ክር ግን አትንኩ፣ ቀለሙ ነጩ ላይ ይወጣል።

ቤቲ፦ ማታ ስትሄዱም ድሩን አላሉት፣ ተወጥሮ አይደር።